ለድንክ ፈረስ የሠራናት ሰረገላ

አናጢው አጎቴ ዘንድ ሥራ የገባሁ ዕለት «ፍቅፋቂውን ጥረጊ፤ መሣሪያ እንዳትነኪ» ተባልሁ። ሴት ልጅ እንጨት ስትጠርብ ደብረ ማርቆስ አይቶ አያውቅማ! እኔ ግን እስኪያባርረኝ ልቆይ ብዬ ነው የገባሁት።

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ሥራችን በር፣ መስኮትና ሣጥን ነበር። አንድ ቀን አያ ደምሴ መጣ። በጦጣና በድንክ ፈረስ ከገበያ ገበያ እየዞረ ሰው የሚያስቅ ነው። ጦጣዋ ከፈረሱ ወድቃ ኖሮ ዳግመኛ አልወጣም ብላዋለች።

«እንደ ጣሊያን ሹም ተንደላቃ የምትቀመጥባት ትንሽ ሰረገላ ሥራልኝ» አለው ለአጎቴ።

አጎቴ ወደ በሩ ገልመጥ አለ። «ቀስ በል፣ አንተ ሰው! ሰረገላውን እሠራለሁ፤ ሹሙን እኔ አላውቅም።»

«ለቅዳሜ ገበያ ካልደረሰች ፈረሱን መሸጤ ነው። የማበላው የለኝም።»

ትልቁ መጋዝ ያለ ሁለት ሰው አይሄድምና አጎቴ ሳይወድ አንዱን ጫፍ ሰጠኝ። እንዴት ደስ አለኝ! መንኮራኩሩን ከዋንዛ፣ መንኮራኩሩ የሚዞርበትን ዘንግ ከወይራ አወጣን። በሞራም ቀባነው።

አጎቴ ጣሊያን እስኪገባ ድረስ ሞፈርና ቀንበር ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። ለሰረገላዋም አንድ ሞፈር መሐል ለመሐል ተከለላት። በሬ ጥንድ ነው፤ ሞፈሩ በመካከላቸው ያልፋል። ፈረሱ ግን ብቻውን ነው። ዓርብ ግቢ ውስጥ ስንሞክራት ፈረሱ ከሞፈሩ ጎን ሆኖ ቢጎትት ሰረገላዋ ዞራ አጥሩ ውስጥ ተሰነቀረች። ጦጣዋ ጣራ ላይ ወጥታ ጮኸችብን።

«ኧረ እኔ እርሻ የለኝም!» አለ አያ ደምሴ። ሳቁ ግን አልዘለቀም፤ የፈረሱን አንገት ያሻሽ ጀመር።

«አጎቴ፣ ቃሬዛ ተሸካሚ በሁለት እንጨት መካከል አይደል የሚቆመው? ፈረሱንም እንደዚያ ብናስገባውስ?» አልሁ።

«ምን ያለችው ሟርተኛ ናት! ሬሳ ልንጭን ነው?»

«ጦጣ ነው የምንጭነው!»

አያ ደምሴን ሳቅ አመለጠው። አጎቴ አልሳቀም። ሞፈሩን ነቀለና መጋዙን አነሣ፤ «ያዢ» አለኝ።

ቅዳሜ ፈረሱ በሁለት እንጨት መካከል ሆኖ ሲጎትታት ሰረገላዋ ገበያውን ቀጥ ብላ አቋረጠች። ጦጣዋ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች። ገበያተኛው እህሉን ትቶ ተከተላት፤ አንድ የካሚዮን ነጂ ጣሊያን ሳይቀር መኪናውን አቁሞ አሳለፋት። አያ ደምሴ በማግሥቱ ፈረሱን ሳይሸጥ እየነዳ ወደሚቀጥለው ገበያ፣ ወደ ሉማሜ ሄደ።

ሰኞ አጎቴ የዋንዛ ሳንቃ ፊቴ አስቀመጠ። «ይኸኛውን አንቺ ጥረቢው» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እጠርባለሁ።

ሥራው አዲስ ለሆነባችሁ፦ እንስሳ የሚጎትተው ነገር ስትሠሩ አስቀድማችሁ እንስሳው የት እንደሚቆም እዩ። እንጨቱን ከዚያ በኋላ ቁረጡ።