የአልጋ ሰባቱ ቪዲዮ

ብሮንዊን ቀዶ ሐኪሙን ሚስተር ፌርዌዘርን መጥላት የጀመረችው ከጀርባው ነው። ሜልበርን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ሆና ሸብታለች። ሐኪሙ ጠዋት በሽተኞቹን ሲዞር ፊቱን ለተማሪዎቹ፣ ጀርባውን ለእሷ ይሰጣል። ያን የተተኮሰ ሸሚዝ ባየች ቁጥር ይቀፋታል።

አልጋ ሰባት ላይ የተኛው የሽማግሌው የክላይቭ ክንድ ሲቆስልማ ጥላቻዋ ገነፈለ። የጉሉኮሱ መርፌ ከደም ሥሩ ወጥቶ፣ ፈሳሹ ሥጋውን በልቶት ነበር።

«ክንዱ አብጧል ብዬ ነግሬዋለሁ፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም» አለች። ለነርሶቹም፣ ለክላይቭ ሴት ልጅም ይህንኑ ነገረች። ያላመናት አልነበረም።

ነገርኩት ባለችበት ጠዋት ታዲያ ፕሪያ የምትባል አጥኚ ካሜራ ይዛ የሐኪሙን ዙር ስትከተል ነበር። ሐኪሞችና ነርሶች እንዴት እንደሚነጋገሩ ትቀርጽና መልሳ ለራሳቸው ታሳያቸዋለች። ከተቀረጹት አንዱ «ይጥፋ» ካለ ይጠፋል፤ ደንቡ ነው።

ቪዲዮው በሚታይበት ቀን ብሮንዊን ኬክ ጋግራ መጣች።

«ዛሬ ጉዱ ይወጣል፤ ነይ ከፊት እንቀመጥ» አለቻት ነርስ ጓደኛዋን ናሬልን።

ቪዲዮው ተከፈተ። ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶ ይለፈልፋል። ክላይቭ «ሲስተር፣ ክንዴን አቃጠለኝ» ይላል። ብሮንዊን ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጋ ትተወዋለች። ከዚያ በሐኪሙ ላይ ዓይኗን ገልብጣ ታሾፋለች፤ ናሬል አፏን ይዛ ትስቃለች። ክንዱን ማንም አላየለትም። ብሮንዊን አንዲት ቃል ሳትናገር ዙሩ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ብሮንዊን የኬኩን ሳህን ከፊቷ ገፋችው። «ነግሬዋለሁ» ስትል ከልቧ አምናው ነበር። አሁን ያ የሚያሾፍ ፊት የራሷ መሆኑ ዘገነናት።

ሚስተር ፌርዌዘር ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰውየው እያቃሰተ እኔ ወሬዬን እሰልቃለሁ። ያሳፍራል። ለተማሪዎቹ አሳዪልኝ፤ ለክላይቭ ልጅም።»

«የሚቃወም አለ?» አለች ፕሪያ።

ናሬል አቀርቅራ ቀረች።

«ይጥፋ» አለች ብሮንዊን።

«ምን አልሽ?»

«እኔ አልፈቅድም። አጥፊው።»

ጠፋ።

በማግስቱ የክላይቭ ልጅ ኮሪደር ላይ አገኘቻት። «ሲስተር፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ይናገርለት ነበር?» ብላ አቀፈቻት። ብሮንዊን የገዛ ገላዋ እየቀፈፋት ታቀፈች።