አዋላጇ ሀሊሞና የቆዳዋ ሴት

ሀሊሞን በመጋላ ሰፈር ስንት ልጅ እንዳዋለደች ቢጠይቋት መልሷ "አላህ ያውቃል" ነበር። እውነቷን ነው፣ እሷ አታውቅም። አንዳንዴ ገበያ መሃል ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ባለግመል ጎንበስ ብሎ እጇን ሲስማት፣ ለካ ይኼንንም የተቀበልኩት እኔ ነኝ ብላ ትደነግጣለች።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ስድሳን ተሻግራ ነበር። ጉልበቷ አንዴ ከታጠፈ መዘርጋት አልወድ ብሏል። ደክሟታል። እንቅልፍ የሚያወጣው ድካም ደግሞ አይደለም፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ምጥ አብራ ስታምጥ የኖረች ሴት ድካም ነው። ስለዚህ ሥራውን ቀስ በቀስ ለጎረቤቷ ለኑርቶ ማስረከብ ይዛ ነበር። ኑርቶ ወጣት ናት፣ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ የታዘዘችውን ሳታጓድል ትፈጽማለች። ሀሊሞ የወደደችላት ይኼንኑ ታዛዥነቷን ነበር።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከወንዙ ማዶ ከከዚራ ሰፈር ጤና ጣቢያ ጥሪ መጣ። የከተማው አዋላጆች በሙሉ ለሁለት ሳምንት እንዲማሩ፣ ሲጨርሱም ወረቀትና መቀስ፣ ሳሙና፣ ፋሻ ያለበት የቆርቆሮ ሳጥን እንደሚሰጣቸው ተነገረ። ሀሊሞ ለራሷ ወረቀት አያስፈልገኝም ብላ ነበር፤ ግን ኑርቶን ብቻዋን ላለመስደድ እየተጎተተች ሄደች። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ጥላውን ይዘው ደረሱ።

አስተማሪዋ ሲስተር ይርገዱ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው። ፈጣን ምላስ፣ ለስላሳ እጅ። ሀሊሞ ሰው የምትመዝነው በእጁ ነውና ወዲያው ወደደቻት። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሌላ ሴት ነበረች። አጥንቷ ከእንጨት፣ ሥጋዋ ከለስላሳ ቆዳ የተሠራ፣ ከወገብ በላይም ከጉልበት በታችም የሌላት ሴት። ከባሕር ማዶ በመርከብ፣ ከጅቡቲ በባቡር ነው የመጣችው። ሆዷ ውስጥ የቆዳ ሕፃን አለ። ሴቶቹ "ነጯ" ብለው ስም አወጡላትና ቀኑን ሙሉ ሲስቁባት ዋሉ። ጭንቅላት የላትም፣ ምጡ ሲጠና ባሏን የምትሰድብበት አፍ እንኳ አልሰጧትም እያሉ።

ሳቁ የጠፋው አስተርጓሚው ሲገባ ነው። ሲስተር ይርገዱ ሶማሊኛ አታውቅም፤ የአብዛኞቹ ሴቶች አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ለማስተርጎም የመጣው ዋይስ ነበር፤ የሀሊሞ ልጅ የማርያን ባል፣ የጭነት ጸሐፊ። ሀሊሞ ስታየው ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። አማት በአማቿ ፊት አፏን ከፍታ እህል አትጎርስም፤ እንኳን እንዲህ ያለ ወሬ ልታወራ።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ይርገዱ ወሊድን አሳየች። የቆዳውን ሕፃን ከላይ ገፋ አደረገችው፤ ሕፃኑ ሸርተት ብሎ ወጣ።

"አያችሁ? መንገዱን ራሱ ያውቃል። የእናንተ ሥራ መታገሥ ነው። ምላጭ ለእትብት ብቻ! እናቲቱን በምላጭ የነካች፣ ቁስሏ ይመረቅዝና ትገድላታለች። እንዲህ ማድረጓን የሰማሁባትን ሳጥኗን እቀማታለሁ።"

ዋይስ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ ላቡን እየጠረገ ተረጎመው።

ሀሊሞ ነጯን አየቻት። ይቺ ሴት የዚህ አገር ሴት አይደለችም። በመጋላ ሴት ልጅ በልጅነቷ ተገርዛ ትሰፋለች፤ ስትወልድ ያ ስፌት ካልተከፈተ ሕፃኑ መውጫ የለውም። የምትከፍተው አዋላጇ ናት፣ በምላጭ። እዚያ ከተቀመጡት አሥራ አራት ሴቶች ይኼን የማታውቅ አልነበረችም። የማታውቀው አስተማሪዋ ብቻ ናት።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያም ሁሉም ዞረው ሀሊሞን አዩ። ታላቅ ባለበት ታናሽ አይናገርማ። ሀሊሞ ልትናገር ሻሿን ከአፏ ገለጥ አደረገች። ቀና ስትል ዓይኗ ከዋይስ ጋር ተጋጨ፤ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ነገ ሴትየዋን ብቻዋን ሳገኛት እነግራታለሁ አለች በልቧ።

"ገባችሁ?" አለች ሲስተር ይርገዱ።

ሀሊሞ ያ ሰዓት እንዲያልፍላት ብላ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አሥራ ሦስቱም ነቀነቁ።

በነጋታው ዋይስ ነበረ። በሳልስቱም ነበረ። ከዚያ ጉልበቷ አመማት፣ ከዚያ ትምህርቱ አለቀ። ደግሞም ምን ቸገረኝ አለች፤ የከዚራው ለከዚራ፣ የመጋላው ለመጋላ፤ ኑርቶ እንደሆነች የኔን እጅ ስታይ ኖራለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይኼኛው ግን ነቀዘ።

ሆዳን የሀሊሞ የወንድም ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደገቻት ሀሊሞ ናት፣ የዳረቻትም እሷው፤ ቤታቸው በአንድ ግንብ ይዋሰናል። ሰኔ ላይ የመጀመሪያ ልጇ ቀኑ ገፍቶ ሳለ ከቢዮ አዋሌ መንደር መንታ ያረገዘች ሴት ምጥ ጠናባት ተብሎ ሀሊሞን ሊወስዷት መጡ። "ሆዳንን አደራ" አለችና ኑርቶን ትታት ሄደች።

በነጋታው ቀትር ላይ ከጭነት መኪና ስትወርድ ሆዳን ከንጋት ጀምሮ ምጥ ላይ መሆኗን ነገሯት። ጉልበቷን ረስታ ሮጠች። ስትገባ የሕፃኑ ራስ ስፌቱ ጋ ደርሶ ቆሟል፤ ኑርቶ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ሳጥኗን ከፍታ፣ ከሆዳን እግር ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ታጋሽ፣ ንጹሕ፣ ልክ እንደተማረችው።

"ምላጩስ?" አለች ሀሊሞ።

"ኤዶ፣ ተከልክሏል እኮ!" አለች ኑርቶ፤ በመጋላ ታላቅ ሴት የምትጠራው "ኤዶ"፣ አክስቴ ተብላ ነው።

"ስከፍት አይተሽ የለም ወይ?"

"አይቻለሁ። ግን ሲስተሯ ስትከለክል አንቺም ነበርሽ፤ ራስሽን ነቀነቅሽ። ስህተት ቢሆን ኖሮ ኤዶ ትናገር ነበር አልኩ፣ ወላሂ!"

 ሀሊሞ ምላጩን በእሳት ለብልባ ስፌቱን ከፈተች። ሕፃኑ ወዲያው መጣ፤ ወንድ ነው፣ ትልቅ ነው፣ አላለቀሰም። እፍ አለችበት፣ ዘቀዘቀችው፣ ጀርባውን መታችው፣ እንደገና እፍ አለችበት። ኑርቶ ክንዷን እስክትይዛት ድረስ አላቆመችም።

ሆዳን ተረፈች። በሰባተኛው ቀን ሀሊሞ ሾርባ ይዛላት ስትገባ ሆዳን ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ጠየቀቻት።

"ኤዶ፣ ኑርቶን እንዲያ ሲያስተምሯት አንቺ የት ነበርሽ?"

"እዚያው ነበርኩ" አለች ሀሊሞ።

 ሾርባው እዚያው ቀዘቀዘ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አዋላጆቹ ለወር ስብሰባ ተጠሩ። እያንዳንዷ ካርድ ተሰጥቷት ነበር፤ የተኛ ሕፃን ሥዕል ሥር በሕይወት ለተወለደ መስመር ታሰምራለች፣ ባዶ አልጋ ሥዕል ሥር ለሞተ። ሲስተር ይርገዱ ካርዶቹን ደምራ በትልቅ ወረቀት ላይ የሚሞቱት ማነሳቸውን የሚያሳይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር ሠርታ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ፊቷ በደስታ በርቷል።

"ከሰባ ስድስት ወሊድ የሞተው አንድ ብቻ ነው! አንድ! ጎበዞች!"

ዋይስ ተረጎመ። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ለማንም ሳይናገሩ በየቤቱ በምላጭ ሲከፍቱ ከርመዋል። ኑርቶ ብቻ እጇን ጉያዋ ውስጥ ቀበረች፤ ያ አንድ መስመር የተሰመረው በእሷ ካርድ ላይ ነው።

ሀሊሞ ተነሣች። ከጠረጴዛው ላይ መርፌና ክር አነሣችና ወደ ነጯ ሄደች። ዋይስ ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባው ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ቁጭ በል" አለችው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላለች።

ከዚያ የቆዳዋን ሴት ሰፋቻት። ቆዳው ለስላሳ ይሁን እንጂ ወፍራም ነበር፣ መርፌው ጣቷን ሁለት ጊዜ ወጋት።  ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና የቆዳውን ሕፃን ከላይ ገፋችው። አልወጣም። ደግማ በሁለት እጇ ገፋችው። ቆዳው ተወጠረ፣ እንጨቱ ሲጢጥ አለ፤ ሕፃኑ አልወጣም።

"ራሱ መንገዱን ያውቃል አልሽ" አለች በተሰባበረ አማርኛ። ዋይስን አልጠበቀችም። "አላወቀም።"

ሲስተር ይርገዱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "ስንቱ ሴት ነው እንዲህ?" አለች።

"እኔ። እሷ። እሷ። እነዚህ ሁሉ።" ወደ ግድግዳው ወረቀት ጠቆመች። "ያ አንድ፣ የወንድሜ ልጅ፣ የሆዳን ነው።"

"ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም፣ እናቴ?"

ሀሊሞ በአገጯ ዋይስን አመለከተች። "አማቼ ነው። አፈርኩ።" ስትናገረው ለራሷም ትንሽ ነገር ሆኖ ተሰማት። ወድቆ ብታገኘው እንኳ ከመሬት የማታነሣው ትንሽ ነገር።

ከዚያ ወዲህ ነጯ በየጊዜው እየተሰፋች እየተከፈተች ማስተማሪያ ሆነች። ሲስተር ይርገዱ ምላጭ እንዴት እንደሚቀቀል፣ የት ድረስ እንደሚከፈት ከሀሊሞ ጋር ሆና አሳየች፤ ስፌቱን መልሶ መስፋት ይቅር ብላም ከሴቶቹ ጋር ተሟገተች። ዋይስ ወደ ጭነት ጸሐፊነቱ ተመለሰ፣ በቦታው ሴት አስተርጓሚ ተቀጠረች። ከሐርላ መንደር ሳይቀር አዋላጆች እየመጡ ተማሩ። ሰው ሀሊሞን አመሰገናት። እሷ ምስጋናውን ሰማች፣ ግን ደክሟት ነበር፤ ቤቷ ገብታ ጋደም ስትል የሚታያት ያ ትልቅ፣ ዝምተኛ ሕፃን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሆዳን እንደገና ልትወልድ ደረሰች። ምጥ መያዟን ሀሊሞ በግንቡ በኩል ሰማች። እጇን ታጠበች፣ ምላጯን ቀቀለች፣ ንጹሕ ሻሽ አስራ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ኑርቶ ሳጥኗን ይዛ በፊቷ አለፈች። ስታያት ቆመች።

"ኤዶ፣ ነይ አብረን እንግባ።"

"ጠርታኛለች?"

ኑርቶ ሳጥኑን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ሂጂ" አለች ሀሊሞ። "ከመጀመሪያው ክፈቺላት። አትጠብቂ።"

ፀሐይዋ ደጃፉን ለቃ ሄደች። ሀሊሞ አልተነሣችም። ከቀትር በኋላ በግንቡ ማዶ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ጠንካራ፣ የተቆጣ ልቅሶ። ከዚያ የሴቶቹ እልልታ ተከተለ። ሀሊሞ የታጠበ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ሴት ትሁን ወንድ ማንም መጥቶ አልነገራትም።