ሊሳን ማን ያሸናታል?

ስልኩ ሲጮህ ቬልቾ ከውሻዋ ሥር የሚነጠፈውን ጨርቅ አጥቦ ደጅ እያሰጣ ነበር። የደወለችው የሚስቱ የዝላትካ ታላቅ እህት ስታና ናት፤ ፕሎቭዲቭ ከተማ ከሚገኘው ሆስፒታል።

“ቬልቾ፣ ተቀመጥ” አለችው። አልተቀመጠም። “ዝላትካ አረፈች።”

የሰቀለውን ጨርቅ አወረደ፤ እንደገና ጨምቆ ሰቀለው። ከዚያ ቤት ገብቶ ውሻዋን ሊሳን አያት።

ሊሳ ምድጃው አጠገብ ተኝታለች። ትራክተር ወገቧን ከሰበራት ወዲህ የኋላ እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ ሽንቷም በራሱ አይወጣም። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ዝላትካ ጉልበቷ መሃል ታቆማትና ሆዷን በሁለት መዳፏ ይዛ ቀስ ብላ ትጫናለች፤ ሽንቱ ሳህኑ ላይ ይንቆረቆራል። የቬልቾ ሥራ ሳህኑን መድፋትና ጨርቅ ማጠብ ነበር። ትናንት ዝላትካን ልቧን አሟት አምቡላንስ ከወሰዳት ወዲህ ውሻዋን ያሸናት የለም።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ መጣ። ሣጥኑ ትልቁ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ስታና ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ ምድጃው ጠቆመች።

“ይቺ ውሻ ትውጣ።”

“እትዬ ስታና፣ መራመድ እንኳ አትችልም እኮ።”

“እየተሳበች መሄድ ትችላለች። ከሬሳ ሥር ያለፈች እንደሆነ እህቴ ዕረፍት የላትም፤ ሌሊት ሌሊት ትነሳለች። መቃብር ለመቃብር ልታንከራትታት ነው?”

ዝላትካም ብትሆን የምትለው ይህንኑ ነበር። ቬልቾ ሊሳን አቅፎ ፍየሎቹ ጋጣ ወሰዳት፤ ገለባ ጎዘጎዘላት።

እዚያው ተንበርክኮ ሞከረ። ሆዷ እንደ ኳስ ጠጥሯል። የሚስቱን እጅ አያያዝ ለማስታወስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ፊቷ እንጂ እጇ አልመጣለትም። ሲጫን ሊሳ አለቀሰች። ለቀቃት።

ደጅ ንፍሮ የምትቀቅለው ጎረቤቱ ራዳ ብቅ አለች።

“ስንት ዘመን ፍየል ሲያልቡ ኖረው ውሻ አቃተዎት?”

“ፍየል ጡት አላት፣ ራዳ።”

“ይቺስ ቧንቧ የላትም?” ሳቀች፤ ለቅሶ ቤት መሆኗ ትዝ ሲላት በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች።

“እስቲ አንቺ ሞክሪያት።”

“በዚህ እጄ? የሰው ንፍሮ ይዤ? ኧረ ጋሽ ቬልቾ!”

በማግስቱ፣ ሣጥኑ ከመውጣቱ በፊት፣ ጋጣ ገብቶ ገለባውን ቢነካው ርሷል። ሊሳን ሲያነሳት ሽንቷ ጠብ ጠብ ይላል። እየሮጠ ወጣ።

“እትዬ ስታና! ራሷ ሸናች!”

“ታዲያስ! እንስሳ ራሱን ያውቃል። በል፣ ኮትህን ልበስ፣ ቄሱ ደርሰዋል።”

ከሬሳው ኋላ ሲሄድ ቢያንስ ይኼኛው ጭንቀት ቀልሎለት ነበር።

ከቀብር መልስ ሰዉ ንፍሮውን ዘግኖ፣ አረቄውን ቀምሶ፣ በከተማው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። ቬልቾ ለሊሳ ዳቦ ወሰደላት። አፍንጫዋን አዞረች፤ አስመለሳት። ወደ ከብት ሐኪሙ ደወለ።

“ሽንቷስ?” አለ ሐኪሙ።

“ራሷ ሸንታለች።”

“ይወርዳል ወይስ ጠብ ጠብ ነው የሚለው?”

“ጠብ ጠብ።”

“ጋሽ ቬልቾ፣ ይሄ መሽናት አይደለም። ሞልቶ መፍሰስ ነው። ፊኛዋ ሳይፈነዳ አሁኑኑ ያሽኗት።”

“አልችልበትም። ና ልጄ።”

“ተራራው ላይ ነኝ፣ በጎች ታመውብኝ። ከነገ በፊት አልደርስም። ከጎድኗ ኋላ ዳብሰው ፊኛዋን ያግኙት፣ ከዚያ ሳይቸኩሉ ወደ ጭራዋ ይጫኑ።”

ስታና ሁሉንም ሰምታለች። ተከትላው ጋጣ ገባች፤ በለቅሶ ቀሚሷ ገለባው ላይ ተቀምጣ የሊሳን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች።

“ዝላትካ እንዴት ነበር የምታደርገው?” አላት።

“እኔን ትጠይቀኛለህ? አብረሃት የኖርከው አንተ!”

ተጫነ። ጥቂት ጠብታ ወጣና ቆመ።

“ጠበቅ አድርገው።”

“ቢፈነዳስ?”

ስታና የሊሳን ራስ ይበልጥ አጥብቃ ያዘች። እጁን እዚያው እንዳደረገ ቆየ፤ መጫኑንም ፈራ፣ ማንሳቱንም ፈራ።

ሊሳ እስካሁን አልሸናችም።