የሆሳዕና ቅጠል ከሌሞ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአርባ ምንጩ አውቶቡስ ሆሳዕና ከተማ መናኸሪያ ገባ። የታዘዘው ዘንባባ ግን አልመጣም። ረዳቱ ጣራ ላይ ወጥቶ ጆንያውን ሁሉ ካገላበጠ በኋላ ቁልቁል ጮኸ።

«ቲቸር፣ ማንጎ ነው ያለው! ማንጎ ከሆነ ላውርድልሽ!»

ሐዳሳ ባፈና ማንጎ አልፈለገችም። በማግስቱ የሆሳዕና በዓል ነው። ቅጠል ከሌለ ሰው አደባባይ አይወጣም። ሰው ካልወጣ ደግሞ የጸሎት ማኅበሯ ያበቃለታል።

ሐዳሳ የሳይንስ መምህርት ናት። የተወለደችው ሌሞ፣ ከሆሳዕና ከተማ በጋሪ በሚደረስበት ቀበሌ ነው። ሥራ የጀመረችው ግን ጋምቤላ ነበር። እዚያ የተከራየችው ቤት ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጋር አጥር ይጋራ ስለነበር፣ እሑድ እሑድ ከበሮው አላስተኛት አለ። መጀመሪያ ልትቆጣ ሄደች። ቀጥሎ ልታይ ሄደች። ከዚያ እዚያው ቀረች።

ወደ ሆሳዕና ስትዛወር የጸሎት መጽሐፏን ይዛ መጣች። ሞባይል ጠጋኙ ኤሊያስና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሊዲያ ተከተሏት፤ ሌሎችም ተጨመሩ። ከአንድ ኬጂ በተከራዩት ክፍል፣ በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ይጸልያሉ። ከተማው የት እንደሚመድባቸው ግራ ገብቶታል። ዐቢይ ጾምን ይጾማሉ፤ ግን ኦርቶዶክስ አይደሉም። መዝሙራቸው የጴንጤ ነው፤ ግን ቄሳቸው ልብሰ ተክህኖ ይለብሳሉ። በጾሙ መግቢያ ረቡዕ ግንባሯን በአመድ ተቀብታ ገበያ ስትገባ የጉሊት ሴቶች ሊጠርጉላት ተሻሙ።

አባቷ አቶ ባፈና አልሳቁም። እሳቸው ከተማው ውስጥ ባለ ትልቅ የወንጌላውያን አጥቢያ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ከመጽሐፍ እያነበበች እንደምትጸልይ የሰሙ ቀን፣ «እግዚአብሔር ፊት በአጤሬራ ነው እንዴ የምትቀርቡት?» አሏት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በላይ አያነጋግሯትም።

ቄሳቸው ቄስ ቲቶ ከጋምቤላ የመጡት አርብ ነው። ረጅም ናቸው፤ የሕፃናቱ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሞክረው ተዉት። ቆመው ተናገሩ።

«ክፍል ውስጥ የሚደበቅ የጸሎት ቡድን ነው። ከተማ ፊት ወጥቶ የሚዘምር ቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ ቅጠል ይዛችሁ ከወጣችሁ እስከ ትንሣኤ እቆያለሁ፤ አብረን እንቆርባለን። ካልወጣችሁ ሰኞ እመለሳለሁ። እናንተም በየቤተሰባችሁ አጥቢያ ብትጸልዩ ይሻላል።»

አሁን ደግሞ ዘንባባው ቀረ። ከተማው ውስጥ የነበረውን የኦርቶዶክስ ምእመናን ቀድመው ገዝተው ጨርሰውታል።

«ባዶ እጃችንን ከወጣንማ ሰላማዊ ሰልፍ ነው የሚሉን» አለች ሊዲያ። «እኔ አልወጣም።»

«የአባትሽ ጓሮ እንሰት ሞልቶት የለም?» አለ ኤሊያስ። «ቅጠል ቅጠል ነው።»

ሐዳሳ የሙራድን ጋሪ ይዛ ወደ ሌሞ ገሰገሰች። ሙራድ የልጅነት ጎረቤቷ ነው፤ ፈረሱን እንደሚወድ ሚስቱን አይወድም ይባላል። ሚስቱ ነጂባም ይህን አትክድም።

አቶ ባፈና ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እናቷ ወይዘሮ አስካለች ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ሆነው ቆጮ ያገላብጣሉ። ሐዳሳ ወደ አባቷ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ለነገ የእንሰት ቅጠል እንድትሰጠኝ ነው።»

«ለዚያ ለመጽሐፉ ጸሎት?»

«ለሆሳዕና ነው፣ አባባ።»

«ከዚህ ጓሮ አንድ ቅጠል አይወጣም!»

ሐዳሳ ለመነች። አባቷ ፊታቸውን አዞሩ። እናቷን አየቻቸው፤ ከቆጯቸው ቀና አላሉም። እንዲያውም ጀርባቸውን ሰጧት። ከአባቷ ቁጣ ይልቅ ያ ጀርባ አንገበገባት። ወደ ጋሪው ተመለሰች።

«ምነው ባዶሽን?» አለ ሙራድ።

«አባቴ ከለከለኝ።»

«ምን ከለከለሽ?»

«ቅጠሉን።»

ሙራድን ሳቅ አፈነው። «አባትሽን? የእንሰት ቅጠል አባትሽን ጠየቅሽ? አንቺ ልጅ፣ ጋምቤላ ምን አደረገሽ? የእኔ አባት ለፈረሱ እንኳ ሲፈልግ እናቴን ነው የሚለማመጣት!»

ሐዳሳ ደረቷን መታች። እንዴት ረሳችው? ላሙ የአባት ነው፤ እንሰቱ የእናት። ወንድ እንሰት አይሰጥም፣ አይከለክልምም። እሷ ግን እናቷ እዚያው ቆመው እየሰሙ፣ ንብረታቸውን ከሌላ ሰው ለመነች። ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች።

«እማዬ! ቅጠል ስጪኝ።»

«ባለቤቱ ከለከለሽ አይደል?» አሉ እናቷ ቀና ሳይሉ። «እኔ እዚህ ቤት የማን ሠራተኛ ነኝ?»

«ተሳስቻለሁ፣ እማዬ።»

«ተሳስተሻል። እዚሁ አሳድጌሽ፣ በዚሁ ቆጮ አሳድጌሽ!» ቢላቸውን አነሡ። «ስንት ሰው ናችሁ?»

«ትንሽ ነን። ግን ብዙ ስጪኝ።»

ከደጃፉ የአቶ ባፈና ድምፅ መጣ። «አስካለች! ምን አልኩ?»

«ሰውዬ፣ ባለፈው ወይፈኑን ስትሸጥ እኔን ጠይቀኸኛል?»

ከደጃፉ የአቶ ባፈና ሳል ብቻ ተሰማ።

«እንግዲያው ተወኝ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዛሬ ከቆረጥነው ነገ ጠውልጎ ያዋርደናል። ሲነጋ እቆርጠዋለሁ። እኔም እመጣለሁ። ቅጠሌ የት እንደሚውል አይቼ ነው የምመለስ።»

ሲነጋ የሙራድ ጋሪ አረንጓዴ ተራራ መስሎ ከሌሞ ወጣ። ወሬው ሌሊቱን ሰፈሩን አዳርሶ ኖሮ፣ የእንሰት ባለቤቶች የሆኑ ጎረቤት ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ቅጠል ተሸክመው ከጋሪው ኋላ ተሰለፉ። አንዷ ከሌላዋ ላለማነስ ትልቁን መርጣ ቆርጣለች። ፈረሱ አንገቱን እያዞረ ከጭነቱ ይገምጣል።

«ጾም ነው ተብለሃል!» ይለዋል ሙራድ።

አቶ ባፈና በሌላ መንገድ፣ ብቻቸውን፣ ወደ አጥቢያቸው ሄደዋል።

ከከተማው መግቢያ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ቄስ ቲቶ ቀይ ልብሰ ተክህኗቸውን ለብሰው ከእነ ኤሊያስ ጋር ቆመዋል። የመጣውን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። እያንዳንዱ ቅጠል ከተሸካሚው ይረዝማል። ሊዲያ አንዱን ስትቀበል ነፋስ መታውና ከእነ ቅጠሉ ገፍቶ ቄሱ ላይ ጣላት።

ሁሉም ቅጠሉን ያዘ። ሁሉም ቆመ። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ይርመሰመሳል፤ ዘንባባ በራሳቸው ያሰሩ ሕፃናት ከቅዳሴ እየተመለሱ ያፈጥጣሉ። ኤሊያስ ከበሮውን አንግቶ አይመታም። ቀድሞ የሚወጣ ጠፋ። ይሄኔ ካልወጡ አይወጡም።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ ወይዘሮ አስካለች። «ቅጠሌ ይጠወልጋል!»

አስፋልቱ መሀል ገቡ። ቅጠሉን ከፍ አድርገው በሀድይሳ ቋንቋ አንድ መዝሙር አነሡ፤ የሌሞ ሴቶች ሲሰሙት ያደጉት፣ በየትኛውም አጥቢያ የሚታወቅ መዝሙር። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ኤሊያስ ከበሮውን መታ። ሐዳሳ በሳቅና በእንባ መሀል ሆና ተከተለች። ባጃጆቹ ቆሙ፤ ሾፌሮቹ ክላክሱን ከከበሮው ጋር ያስኬዱት ጀመር። ዘንባባ ያሰሩት ሕፃናት ተቀላቀሉ። ከየመደብሩ ሰው ወጣ። «የምን አጥቢያ ናችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የነበረ ሰው ሳያስበው መዝሙሩን ሲቀበል ተገኘ።

ወደ ኬጂው የሚያስገባው መታጠፊያ ደረሰ። ወይዘሮ አስካለች ግን ክፍሉን አይተውት አያውቁም፤ ቀጥ ብለው አለፉ። ሰልፉም ተከትሏቸው አለፈ።

«እማዬ! በዚህ ነው! አልፈሽዋል!»

ማን ሰምቶ። ሐዳሳ ወደ ኋላ ሮጠች። «ቄስ፣ ክፍሉን አለፍነው!»

ቄስ ቲቶ በላብ ተጠምቀዋል። ዞር ብለው የተከተላቸውን ሕዝብ አዩ።

«ተያቸው» አሉ። «ይህን ሁሉ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ልታስቀምጪ ነው? ለትንሣኤ ሜዳ ፈልጉ። እኔ የትም አልሄድም።»

ሐዳሳ እልል አለች። ሌሎቹም ምክንያቱን ሳያውቁ እልል አሉ።

ሰልፉ በትልቁ አጥቢያ በር ሲደርስ የጠዋቱ ጉባኤ አብቅቶ ሰው ይወጣ ነበር። አቶ ባፈና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ከሰው ሁሉ ፊት፣ ከራሳቸው የሚረዝም ቅጠል አንሥተው የሚዘምሩትን ሴት አዩ። ዓይናቸውን አሹ።

«አስካለች!» ብለው ጮኹ። «ወዴት ነው?»

«እኔ እንጃ!» አሉ ወይዘሮ አስካለች ሳይቆሙ። «ና!»

አቶ ባፈና ጎናቸው የቆሙትን ሽማግሌዎች ተራ በተራ አዩ። ከዚያ መጽሐፋቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ደረጃውን ወረዱ።