የማን ፕሮግራም ነው?

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ለመመረቂያ የመረጥነው ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሆን፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ሣጥን ነበር። ሐሳቡን ያገኘሁት ጳውሎስ ሆስፒታል ነርስ ከነበረችው አክስቴ ነው።

ሐሳብ ብቻውን ምን ይፈይዳል? አስተማሪያችን ከውጭ ሲመለስ ያመጣትን አንዲት ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም የጣት ያህል ትንሽ ኮምፒውተር፣ ካቃጠላችኋት ሌላ የለችም ብሎ አዋሰን። መመሪያዋ ከቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ ስለማይፈቀድ እዚያው ተራ በተራ ቁጭ ብለን በእጃችን ገለበጥነው። ሽቦና ሌላውን ዕቃ ሰፈር ካለ ራዲዮ ጠጋኝ ለመንን። መጀመሪያ ለምን እንደፈለግነው ይጠይቀን ነበር። በኋላ መጠየቁን ተወ፤ እኔን ያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ያኔ ወጣት ሽቦ ይዞ ከታየ የሚጠረጠረው በድብቅ ራዲዮ ነበር።

ትንሿን ኮምፒውተር ከመንካታችን በፊት ፕሮግራሙን፣ ይኸውም የምንሰጣትን የትእዛዝ ዝርዝር፣ በወረቀት ጽፈን መጨረስ ነበረብን። ጓደኛዬ ቤቱ ከኛ በላይ፣ ወደ እንጦጦ መውጫ ነበር። ድምፁን መቀነስ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ፕሮግራሙ ደረሰ ወይ ብሎ ጮኸ። ረቡዕ ይደርሳል አልኩት። የቀበሌው ጥበቃ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ነበር። ወደኛ ሳያይ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

ለቀበሌ ሰው ፕሮግራም ማለት የፓርቲ ፕሮግራም ነው፤ የተከለከለ ፓርቲ ከሆነ ደግሞ ያስበላል። በኛ ቤት ግን ቃሉ ሌላ ነበር። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በድብቅ እኛ ቤት ይሰበሰቡ፣ መዝሙሩንም በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ያንን ነው ፕሮግራም የምንለው። ቀኑም ረቡዕ ነበር።

ማክሰኞ የቀበሌው ካድሬ ያንን ጥበቃ አስከትሎ ቤታችን መጣ። ረጋ ያለ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነበር። ቁጭ በል ብንለው እምቢ አለ።

«እዚህ ቤት ፕሮግራም ይዘጋጃል አሉ። የማን ነው?»

ጉዳዩ ወዲያው ገባኝ። በልቤ ሳቅሁ ማለት ይቻላል። ወረቀቱን አምጥቼ የሣጥኑን ሥዕል ባሳየው፣ ስለ ሕፃናቱ ብነግረው ነገሩ እዚያው ያልቃል። አፌን ስከፍት እማዬ እጇ በሳሙና እንደራሰ ከጓዳ ወጣች።

«እሷ የለችበትም» አለች። «ፕሮግራሙን የምመራው እኔ ነኝ። ሰዎቹም የሚመጡት ለኔ ብለው ነው።»

ካድሬው ቀስ ብሎ ወደሷ ዞረ። ሰዎቹ የምትላቸው እነማን እንደሆኑ ጠየቃት። የመጣበት ነገር ከአእምሮው ወጣ። እኔ ስለ ማሽን፣ ስለ ሙቀት ስለፈልፍ ማንም አልሰማኝም። ይዘዋት ሲወጡ ነጠላዋን እንኳ እኔ ነኝ ሮጬ ያለበስኳት።

ክረምቱን ሙሉ አሰሯት። ምግብ ስናመላልስ ባዶው ሳህን ሲመለስልን፣ አለች ማለት ነው እንል ነበር። ሣጥኑን ሠርተን ተመረቅን፤ ምንም ደስ አላለኝም።

ስትፈታ ጉልበቷ ደክሞ ነበር፤ ፊቷ ግን ፈክቷል። አቅፋኝ፣ «አንቺን ሊወስዱ እኮ ነበር የመጡት፤ እግዚአብሔር ቀድሞ አፌን ከፈተው» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ አተረፍሽኝ» አልኳት።