ሱፍ የለበሰው የማርስ ኮረብታ

አባታችን ሲሞት ፎቶ አልነበረውም። ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ከመቱ ወዲያ ባለችው ቡሬ አጠገብ ቡና ሲያለማ የኖረ ሰው ነው፤ ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። መታወቂያው ላይ የነበረችውን ጉርድ ፎቶም የሸሚዝ ኪሱ ላብ አጥፍቷታል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሐዘንተኛ የሟቹን ፎቶ ታቅፎ ነው የሚያለቅሰው። እናቴ ቀብሩ ላይ ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛ አለቀሰች። ይህ ከሞቱ እኩል አንገበገባት፤ አርባው ሲቃረብ እህል አልወርድ አላት።

በዚያ ሰሞን መቱ ላይ ኢንተርኔት ካፌ ተከፍቶ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የአንድ ኮረብታ ፎቶ አሳትሞ መጣ። ማርስ ላይ ያለ ኮረብታ ነው፤ ከላይ ሲታይ ቁርጥ የሰው ፊት። ዓይንና አፍ የመሰለው ጥላ መሆኑን እያስረዳን ሳለ እናቴ ወረቀቱን ነጠቀችው።

«ይሄማ አባታችሁ ነው። ግንባሩን እዩት እስቲ!»

ደሜ ፈላ። «እማዬ፣ ድንጋይ እኮ ነው! ሰው ይስቅብናል» አልኳት።

«ይሳቅ። ሂጂና ፎቶ ቤት አስተልቀሽ አምጪልኝ።»

ባለፎቶ ቤቱ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየና «አባ ኬ ናቸው?» አለኝ፤ በኦሮምኛ አባትሽ ማለቱ ነው። ምን ልበል? አዎ፣ አባቴ ናቸው አልኩት።

«ነፍስ ይማር። ፊታቸው ጠቆር ብሏል፣ ላፍካው። ሱፍስ ላልብሳቸው?»

በየቤቱ የተሰቀለውን የገበሬ ፎቶ ሁሉ ሱፍ ያለበሰው እሱ ነው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ልቤ ተሰበረ። አልብሳቸው አልኩት። ከረባትም ጨመረበት።

በአርባው እናቴ ፎቶውን ታቅፋ ድንኳኑ መሃል ቆመች። ጎረቤቶቻችን አለቀሱ፤ ማንም አልሳቀም። አባታችንን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት፣ አብረውት ከወሎ የመጡት ሽማግሌ ሲገቡ ግን የምገባበት ጠፋኝ። ሽማግሌው ፎቶውን ትኩር ብለው አዩት።

«እህቴ፣ ይሄ እሱ አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች እናቴ። «ባዶ እጄን ማልቀስ አቅቶኝ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ፎቶውን ከእጇ ተቀብለው ወደ ደረታቸው አስጠጉትና «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያሉ ያለቅሱ ጀመር። የሰው አፍ ስፈራ ሰንብቼ ያላለቀስኩትን አባቴን እኔም ያኔ አለቀስኩት።