ለአባባ መኩሪያ የሰጠኋቸው ከተሞች

ልጅ ሳለሁ የአውሮፓን ትናንሽ ከተሞች አንድ በአንድ ለአንድ ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። አባባ መኩሪያ ይባሉ ነበር። ደሴ ላይ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሲለዩ ስለኖሩ፣ ከየትኛው ከተማ ምን ዓይነት ቴምብር እንደሚመጣ በቃላቸው ያውቁ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ግን ከኮምቦልቻ አልፈው መሄዳቸውን እጠራጠራለሁ።

ያኔ ደሴ ከመሸ ጭጋግ ይወርድባት ነበርና፣ እኔና የጎረቤታችን ልጅ አልማዝ ራታችንን እንደበላን አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ወደ እሳቸው እንሮጥ ነበር። ክፍሏ ከሰል፣ ሙጫና ፖስታ የሚታሸግበት ቀይ ሰም ትሸት ነበር። ፋኖሱ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ስለሚሰቀል ፊታቸውን በቅጡ አናየውም፤ የምናየው ከማንደጃው በላይ የሚያንዣብቡትን እጆቻቸውን ነው፣ ፍሙ ከሥር እያቀላቸው። ጢሱ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን «ተረቱ ገና ሳይጀመር ማልቀስ ምንድነው?» ይሉን ነበር።

ከተረት በፊት እንቆቅልሽ ግድ ነው። ሕጉ የታወቀ ነው፤ መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል፤ አገር የተሰጠው ደግሞ እዚያ ገብቶ በምን ክብር እንደተቀበሉት ያወራና የሰጪውን ውርደት ይጨምርበታል። በሌላው ሰው ቤት ጎንደርና ሐረር ይሰጡ ነበር። አባባ መኩሪያ ግን የአገር ቤት ከተማ አይቀበሉም።

«ጎንደርን ስንቱ ሰጥቶ ስንቱ ተቀበለው! ከባሕር ማዶ አምጪ» ይሉኛል።

«እሺ፣ ፓሪስ።»

«ፓሪስ ሰው ሞልቶበታል። እግሬን የት ልዘርጋ?»

«ሮማ።»

«ሮማማ ራሷ መጥታ አይተናት የለ?»

«ለንደን።»

«ምን አለው? ጭጋግ? ጭጋግማ እዚሁ ደጄ ላይ ሞልቶ! ለንደንን ለራስሽ ያዢው።»

ይዤዋለሁ። አርባ ሰባት ዓመት ሆነኝ።

እሳቸው የሚፈልጉት ሰው ያልበዛበት ከተማ ነበር። ስለዚህ ቀን ቀን፣ ትምህርት ቤት ክፍላችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካርታ፣ በጣም በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን ስሞች እየለቀምኩ ማታ እወስድላቸው ነበር፤ ብራጋ፣ ሉካ፣ ግራትዝ፣ ጌንት። አንድ ማታ ካርታው ላይ የሌለ ከተማ አገኘሁ። አሰብ መንገድ ላይ ይሠራ ለነበረ አንድ ዩጎዝላቭ መሐንዲስ የመጣ ባዶ ፖስታ በቆርቆሮ ሣጥናቸው ውስጥ ነበረ፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ስም አራት ፊደል ብቻ ነው። የፈረንጁን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ራሳቸው ስለነበሩ አነበብኩት። «ፕቱይ» ብዬ ስሰጣቸው አልማዝ በሳቅ ፍርስ አለች።

«ይሄ ከተማ ነው ወይስ ምራቅ?»

አባባ መኩሪያ ግን ደስ አላቸው። «ፕቱይ ገብቼ» አሉ፣ እጃቸውን ከፍሙ ላይ አንስተው፣ «ከንቲባው ባጌጠ በቅሎ ተቀበለኝ፤ በላባ ፍራሽ ተጋድሜ በብር ማንኪያ ማር ስልስ፣ ሰጪዋ የሺ ግን በሩ ላይ ቆማ የበቅሎዬን የጭራ ፀጉር እንድትቆጥር ታዘዘች!»

በልጅ ልቤ አንድ ነገር አምኜ ነበር፤ የሰጠሁት ከተማ የሳቸው ሆኗልና እኔ መቼም አልገባበትም ብዬ። ያኔ ግን አላዘንኩም። ተረቱ ሊጀመር ነዋ።

በዚህ ዓመት የካቲት ላይ ልጄ ሄለን ለንደን ስቶክዌል ሰፈር ያለው ቤቴ መጣች። ለንደን ተወልዳ ለንደን ያደገች ናት። ፓርክ ሮያል ያለ አንድ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ናት፤ እኔ ዘንድ ስትመጣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው የምትቀመጠው።

«እማዬ፣ ለስፕሪንግ ብሬክ ትምህርት ሲዘጋ ናኦሚን ይዣት ልወጣ ነው። አንቺም ትመጪያለሽ። ክራውድድ ያልሆነ ቦታ እያየሁ ነው፤ ያለፈው ጊዜ ባርሴሎና ሰልፍ ላይ እንደቆምን ነው ያለቀው።»

ስልኳን አውጥታ ሰው የማይበዛባቸውን የአውሮፓ ከተሞች ዝርዝር ታነብልኝ ጀመር። ብራጋ። ሉካ። ጌንት። ግራትዝ። ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅሻል?»

«እነዚህን ሁሉ ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ለማን?»

«ቀጥዪ፣ አንብቢ» አልኳት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ስለ አባባ መኩሪያ ልነግራት ሞክሬ ነበር፤ የቤት ሥራ አለብኝ አለችኝ፤ እኔም ሁለተኛ አልለመንኳትም። ኩራት ነው። የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ፕቱይ የሚለው ስም ሲመጣ ግን «እሱን ያዢ» አልኳት። ስሎቬኒያ ውስጥ ነው፤ ወንዝ፣ ግንብና ፍል ውኃ አለው። «አሁኑኑ ቡክ አደርገዋለሁ» አለች፤ አደረገችውም።

ለምን እንደፈለግኩት መናገር አለብኝ። ሰባ አምስት ሊሞላኝ ነው። ለናኦሚ፣ ለዘጠኝ ዓመቷ ብቸኛ የልጅ ልጄ፣ የማወርሳት ቤት የለኝም፤ ቤቱ ከካውንስሉ የተከራየሁት ነው። መጻሕፍቴን አታነባቸውም። ያለኝ የአባባ መኩሪያ ተረቶች ናቸው። ጓደኛ የማይደውልበት፣ የዳንስ ክላስ የሌለበት፣ ዞር ብላ የምታየው ሰው ያልበዛበት ከተማ ውስጥ ስድስት ማታ ከሷ ጋር ባገኝ፣ አንዷን ተረት እንኳ ትይዝልኛለች ብዬ ነበር። ተስፋ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ከዚያ ሌላ የማስበው አልነበረኝም።

ሉብሊያና ከአውሮፕላን ወርደን በባቡር ሄድን። ስንደርስ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከተማው ቀይ ጣሪያ፣ ድራቫ የሚባል ሰፊ ወንዝ፣ ከላይ ደግሞ ግንብ አለው፤ በዳር ባሉት መንደሮች በየጭስ ማውጫው ላይ ከአፍሪካ የተመለሱ ሽመላዎች ቆመዋል። ቆንጆ ነው፤ አልዋሽም። ግን ከሁለት ቤት የአንዱ መስኮት ተዘግቷል። ቤቱን ያከራየችን ሴትዮ በእኔ ዕድሜ ናት። አይብ ያለበት ትኩስ ኬክ ይዛልን መጣች፤ እኔ ሁዳዴ ስለነበር ሳልነካው ናኦሚ የኔን ጨምራ በላችው። ሄለን ልጆች እንዳሏት ስትጠይቃት በጣቷ እየቆጠረች፣ አንዱ ቪየና፣ አንዷ ለንደን አለች። ሰው ያልበዛበት ከተማ የሚባለው ልጆቹ የሄዱበት ከተማ መሆኑን ያ የስልክ ዝርዝር አይናገርም። ሴትዮዋ ናኦሚን የምታይበት ዓይን አስጠላኝ። የኔን ዓይን ይመስላል።

ሳሎኑ ውስጥ የእንጨት ምድጃ ነበረ። በመጀመሪያው ማታ ሄለን ልታነደው ስትሞክር ጢሱ ወደ ክፍሉ ወጣና ጣሪያው ላይ ያለው አላርም ጮኸ፤ ናኦሚ ወንበር ላይ ወጥታ በፎጣ እያራገበች ዝም አሰኘችው። እሳቱ ረግቶ ፍም ሲሆን መብራቱን አስጠፋኋቸው። እጆቼን ወደ ፍሙ ዘረጋሁ።

«እንቆቅልሽ» አልኳት ናኦሚን።

«ኩዊዝ ነው እማማ?»

«ምን አውቅልሽ በይ።»

«ምን አውቅልሽ» አለች፣ በእንግሊዝ አፍ እየጎተተችው።

«ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል፤ ከቤቱ ግን አይወጣም። ምንድነው?»

ወንዙ በመስኮቱ ይታያል፤ እሷ ግን ጣሪያ ጣሪያውን እያየች አሰበች። «አንደርግራውንድ!»

ሄለን ሶፋው ላይ እንደተጋደመች በሳቅ ጮኸች። «ልክ ናት እኮ እማዬ! ኖርዘርን ላይን!»

ልክ ነበረች፤ የለንደኑ የምድር ውስጥ ባቡርም ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ያድራል። እኔ ግን አገር ስለፈለግኩ አይደለም አልኳት። «ወንዝ ነው። ተሸንፈሻል፤ አገር ስጪኝ።»

«የቱን?»

«የፈለግሽውን።»

«ስቶክዌል።»

አባባ መኩሪያ ቢሆኑ እምቢ ይሉ ነበር። እኔ ተቀበልኩ። «ስቶክዌል ገብቼ፣ የአውቶቡሱ ሹፌር ምንጣፍ አንጥፎ ተቀበለኝ፤ የሕንፃችን ሊፍትም ለክብሬ ሲል በዚያች ቀን ሠራ፤ ናኦሚ ግን ጫማዬን ተሸክማ ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እንድትወጣ ታዘዘች!»

ሳቀች። ከልቧ ሳቀች። ስልኳን ገልብጣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ተጠግታኝ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ጉልበቴን ነካው። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ተረቱን ጀመርኩ። ዝንጀሮ ደብዳቤ ጽፋ፣ አሽጋ፣ ለጅብ ሰጠችው፤ «ወንዝ ማዶ ላለችው እህቴ አድርስልኝ፤ የሰባች አህያ የት እንዳለች ተጽፎበታል» ብላ። ጅብ ማንበብ አይችልም፤ ሆዱ ግን አላስችል አለው። መንገድ ላይ ጥንቸልን አግኝቶ አንብቢልኝ አላት። ጥንቸል ገለጠች፣ አነበበች፣ መሬት ላይ እየተንከባለለች ሳቀች። «እኔስ አልነግርህም፤ ወደ ከርከሮ ውሰደው» አለችው። ከርከሮም አነበበ፣ ሳቀ፣ ወደ ጃርት ላከው። ጃርት እሾኋ እስኪረግፍ ሳቀች። የከርከሮን ሳቅ ሳስመስል፣ የጅቡን ጎርናና ድምፅ ሳወጣ፣ ናኦሚ ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ ሄለን እንኳ ስልኳን ትታ ቀና ብላለች። በመጨረሻ ጅብ ወንዙን ተሻግሮ ከዝንጀሮዋ እህት ደጅ ደረሰ። እህትየዋ ደብዳቤውን ተቀበለች፤ ገለጠችው።

«ከዚያስ?» አለች ናኦሚ።

በአማርኛ ነው ያለችው። ጥርት አድርጋ፣ ደሴ የተወለደች ልጅ እንደምትለው።

ከዚያ ምንም የለም። ደብዳቤው ምን እንደሚል አላውቅም። ፍሙን አየሁት፤ እጆቼን አየኋቸው። አባባ መኩሪያ የጃርቷን እሾህ አንድ በአንድ ሲያረግፉ ይሰማኛል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ድምፃቸው የለም። በሌላ ተረት ላልፈው ብዬ በሆዴ ፈለግኩ፤ ስለ ሦስቱ ወንድማማቾች፣ ስለ ደንቆሮው ዳኛ። ሁሉም መነሻ አላቸው፤ ሁሉም ከመሃል ተቆርጠዋል። ያን ያህል ዓመት በየቀኑ ከባተርሲ ሥራ ወደ ስቶክዌል ስመለስ አውቶቡስ ላይ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ዛሬ አንድ ሙሉ ግድግዳ ይሸፍናሉ። ከዚያ ግድግዳ ላይ አንድ መጨረሻ ሰረቅኩ።

«ደብዳቤው ባዶ ወረቀት ነበር» አልኳት።

ናኦሚ ክንዴን ለቀቀችው። «ባዶ ከሆነ እነ ጥንቸል ለምን ሳቁ?»

«በጅቡ ሞኝነት ነዋ።»

«ኖ። አንብበው ነው የሳቁት። ዩ ሴድ።»

«ናኦሚ፣ እማማን አታድክሚያት» አለች ሄለን፣ ለታመመ ሰው በሚወጣ ለስላሳ ድምፅ። ልጅቷ ወዲያው ገባት። «ናይስ ስቶሪ ነው እማማ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ስልኳን አነሳች። በቀሩት ማታዎች ፍል ውኃው ውስጥ ስትዋኝ ውላ፣ ራቷን እንደበላች ሶፋው ላይ በእንቅልፍ ክልትው ትል ነበር። እኔም እንቆቅልሽ አላልኳትም።

ለንደን በተመለስን ማግስት ደሴ ደወልኩ። አልማዝ አለች፤ ጆሮዋ ደክሟል እንጂ አለች። ከዚያች ክፍል የቀረነው እሷና እኔ ነን።

«የሺዬ! ምነው በደህና?»

«አባባ መኩሪያን ታስታውሻቸዋለሽ? የጅቡን ደብዳቤ?»

«እንዴት አላስታውስ! ያን ማታ በሳቅ ጋቢሽ ላይ ሸንቼ እናትሽ አልገረፉኝም?»

«ደብዳቤው ምን ይል ነበር?»

«ምን?»

«ደብዳቤው! ምን ይል ነበር?»

«አንቺ የት ሄደሽ ነው እኔን የምትጠይቂኝ?» አለችና ሳቀች። «ውይ፣ ለካስ! አንቺ እኮ አገርሽን ከሰጠሽ በኋላ ብዙም አትቆዪም ነበር። ከመሃል ላይ እንቅልፍ ይወስድሻል። አባትሽ እየመጡ አዝለው ነበር የሚወስዱሽ። አንድም ቀን መጨረሻውን ሰምተሽ አታውቂም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አንቺስ ሰምተሻል» አልኳት። «ምን ይላል?»

«ሰምቼማ ነበር። ሳቄ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ቃሉ ጠፋብኝ የሺዬ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሄለንን ተቀይሜያት ነበር፣ ሳትሰማኝ አደገች ብዬ። ለንደንን ስረግም ኖሬያለሁ፣ ልጄን አፏን ቀየረብኝ ብዬ። ያኔ የቤት ሥራዋን ትታ ፊቴ ብትቀመጥ ኖሮ ምን ልነግራት ነበር? ባለፈው እሑድ ናኦሚ መጥታ ደብዳቤውን አስታወስሽው ወይ አለችኝ። አላስታወስኩትም አልኳት። ቆማ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ እናቷ ስትጠራት ሄደች። ሁለተኛ የምትጠይቀኝ አይመስለኝም።

የቀረልኝን ለማወቅ አንዳንዴ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጉንጬ የአባቴ ካፖርት ላይ ነው፤ ካፖርቱ በጭጋጉ ረጥቧል። በሩ ከኋላችን ሲዘጋ የፋኖሱ ብርሃን መሬቱ ላይ ይጠባል። ከውስጥ አልማዝና አባባ መኩሪያ ይስቃሉ፤ አባቴም ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ አብሯቸው ሲስቅ ጀርባው ይንቀጠቀጥብኛል። መንገዱ ወደ ታች ሲወርድ ሳቁ እየራቀ ይሄዳል።